ሄንሪ ዳርሲ፤ ሕይወቱና ለውሃ ፍሰት ግምት ያቆየልን ሥራ

በሕንፃ ማቀዝቀዣ ሥራ የተሠማራ መሐንዲስ አዘውትረው ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ፣ በቧንቧው ውስጥ የሚዘዋወረው ውሃ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በብዙ ሕንፃዎች ውስጥ የፍሰት መለኪያ መሣሪያ ከመጀመሪያውም አልተተከለም፤ ከተተከለም ከጊዜ ብዛት የተነሣ ቆሞ ወይም ተነቅሎ ይገኛል። የሥራው ንድፍ የጠፋበት፣ የተከላው ተቋራጭ የማይታወቅበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። እንዲህ ባለው ቦታ መሐንዲሱ በእጁ ያለው ሁለት ወይም ሦስት የግፊት መለኪያ፣ ጥቂት ቴርሞሜትርና በፓምፑ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ብቻ ነው። ከእነዚህ ተነሥቶ የፍሰቱን መጠን ሲገምት፣ ምንም እንኳ ስሙን ባያነሣው፣ የሚመራው በ19ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ይኖር የነበረ አንድ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ባቀናው ጎዳና ነው። ያ ሰው ሄንሪ ዳርሲ ነው።

የዳርሲን ስም በትምህርት ቤት ያልሰማ የሙያ ባልደረባ አይኖርም። የውሃ ባለሙያው በአሸዋ ውስጥ ስለሚሰርገው ውሃ ሲያጠና፣ የሕንፃ መሣሪያዎች ባለሙያው ደግሞ በቧንቧ ውስጥ ስለሚባክነው ግፊት ሲያሰላ ይጠራዋል። ከቀመሩ በስተጀርባ የነበረው ሰው ግን እምብዛም አይታወቅም። ስለዚህ ሕይወቱን በአጭሩ መመልከት፣ ሥራውም ዛሬ በማሽን ክፍል ውስጥ ምን እንደሚጠቅመን ማየት የተገባ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና ትምህርቱ

ሄንሪ ፊሊቤር ጋስፓር ዳርሲ የቡርጎኝ አውራጃ ዋና ከተማ በሆነችው በዲዦን ጁን 10 ቀን 1803 ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ልጁ 14 ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ ቤተሰቡም ከዚያ በኋላ በእናቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። እናቱ አቅሟ ውስን ቢሆንም ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ከትምህርታቸው እንዲጓደሉ አልፈቀደችም። ሄንሪ በ1821 በፓሪስ ወደሚገኘው ወደ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ መንገድና ድልድይ ትምህርት ቤት ተሻገረ። ይህ ትምህርት ቤት በዚያን ዘመን የፈረንሳይ መንግሥት መንገዱን፣ ቦዩን፣ ወደቡንና ድልድዩን በአደራ የሚሰጣቸውን መሐንዲሶች የሚያፈራ ነበር።

በ1826 ትምህርቱን ጨርሶ ለጥቂት ጊዜ በዡራ አውራጃ ካገለገለ በኋላ በ1827 ወደ ትውልድ ከተማው ተመደበ። በ1828 ሄንሪየት ኬሪ የምትባል፣ በዲዦን ትኖር የነበረች የእንግሊዛውያን ቤተሰብ ልጅ አገባ። ልጅ አልወለዱም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሕይወቱ ከዲዦን ከተማና ከውሃ ጋር የተሳሰረ ነው ማለት ይቻላል።

የዲዦን ውሃ

ዳርሲ ሥራ በጀመረበት ወቅት ዲዦን ከ30 ሺህ ያነሰ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ነበረች። የሚጠጣው ውሃ ጥልቀት ከሌላቸው የጉድጓድ ውሃዎች የሚቀዳ ሲሆን፣ በከተማይቱ ሥር የሚያልፈው የሱዞን ወንዝ ደግሞ የነዋሪውን ቆሻሻ ሁሉ ተሸክሞ የሚሄድ ነበር። ንጹሕ ውሃ ለማምጣት ብዙ ትውልድ አስቦ ሳይሳካለት ቀርቷል። በ1829 አካባቢ በአንድ አደባባይ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር፤ ነገር ግን ውሃው እስከ ምድር ገጽ ሊወጣ አልቻለም፤ መጠኑም ለከተማ የሚበቃ አልሆነም።

ዳርሲ በ1834 ለከተማው ምክር ቤት ባቀረበው ጥናት፣ ከከተማይቱ ውጭ በሱዞን ሸለቆ የሚገኘውን የሮዟር ምንጭ ጠልፎ ማምጣት እንደሚሻል አስረዳ። ምክር ቤቱ በ1835 ተቀበለው፤ የመንግሥት ፈቃድ በ1837 መጨረሻ ተገኘ፤ ሥራው በ1839 ተጀመረ። በሴፕቴምበር 6 ቀን 1840 ውሃው ማጠራቀሚያው ዘንድ ደረሰ። ከጀመሩት በኋላ የወሰደው ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ብቻ ነው።

የሥራው ውበት ያለው በቀላልነቱ ነው። ከምንጩ እስከ ከተማው 12.7 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ከላይ የተሸፈነ የድንጋይ ቦይ ተሠራ። ውሃው በምድሩ ተዳፋት ብቻ ይወርዳል፤ ፓምፕ የለም፤ ማጣሪያም አላስፈለገም። ወደ ከተማው የሚገባው ውሃ በደቂቃ 8 ሜትር ኩብ ያህል ነበር። ይህን በቀን ብናሰላው 11,520 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ለነዋሪው ቢካፈልም ለእያንዳንዱ ሰው ከ380 ሊትር አያንስም። በ1844 ዓ.ም. በከተማው ውስጥ የተዘረጋው የግፊት ቧንቧ 28 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። በየ100 ሜትሩ ርቀት የቆሙት ከ140 በላይ የመንገድ ዳር ቦኖዎችም ለሀብታሙም ለድኻውም ክፍት ነበሩ። በዚያን ዘመን በአውሮፓ ከዚህ የሚበልጥ የውሃ አገልግሎት የነበራቸው ከተሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከተማው ለዚህ ሥራ ዋጋውን ሊከፍለው ሲነሣ፣ ዳርሲ የሚገባውን ብዙ ገንዘብ አልቀበልም አለ። የተቀበለው ለመታሰቢያ የተሠራለትን የወርቅ ሜዳይ ነው። እርሱ የመንግሥት ደመወዝተኛ እንደ መሆኑ መጠን ለትውልድ ከተማው የሠራውን እንደ ግዴታው ቆጥሮት ነበር።

ከውሃው ጎን ለጎን መንገድና ድልድይ ይሠራ ነበር። በ1840 የአውራጃው ዋና መሐንዲስ ሆነ። ከፓሪስ ወደ ሊዮን የሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ በዲዦን በኩል እንዲያልፍ የተሟገተና የመስመሩን ጥናት የመራ እርሱ ነው። ለዚህም በብሌዚ አጠገብ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ማለፍ ነበረበት። ብዙዎች አይሆንም ያሉት ዋሻ በመጨረሻ ተሠራ፤ ዛሬም ባቡር ያልፍበታል።

ከዲዦን መነሣቱ

በ1848 በፈረንሳይ አብዮት ተነሣ፤ ንጉሡም ወረደ። በአዲሱ አስተዳደር ዘንድ ዳርሲ በከተማው ያለው ተሰሚነት አልተወደደለትም። ስለዚህ ከሃያ ዓመት በላይ ካገለገለባት ከተማ አንሥተው ወደ ቡርዥ አዛወሩት። ለአንድ መሐንዲስ ከገዛ እጁ ሥራ መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ የሙያ ባልደረቦች ይረዱታል። ይሁን እንጂ ችሎታው ተሰውሮ አልቀረም። በዚያው ዓመት ወደ ፓሪስ ተጠርቶ የዋና ከተማይቱ የውሃና የመንገድ ንጣፍ አገልግሎት ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ።

ይህ እንደ ቅጣት የተጀመረው ዝውውር ለሳይንስ ትልቅ በረከት ሆነ። ፓሪስ ለዳርሲ በዲዦን ያላገኘውን ዕድል ሰጠችው፤ ይኸውም በሻዮ በሚገኘው የውሃ ተቋም ቧንቧ ዘርግቶ በሰፊው የመመርመር ዕድል ነው።

የሻዮ ሙከራዎች

በዚያን ጊዜ መሐንዲሶች ይሠሩበት የነበረው ቀመር ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የፕሮኒ ቀመር ነበር። ቀመሩ የቧንቧው ግድግዳ ለስላሳም ሆነ ሻካራ፣ ብረትም ሆነ ብርጭቆ፣ የሚባክነው ግፊት አይለወጥም ከሚል አሳብ የተነሣ ነበር። ምክንያታቸውም ግድግዳውን ቀጭን የውሃ ሽፋን ስለሚለብሰው፣ ውሃ የሚሰበቀው ከውሃ ጋር እንጂ ከግድግዳው ጋር አይደለም የሚል ነው። ለወረቀት የሚያምር አሳብ ነበር። ብዙ ኪሎ ሜትር ቧንቧ በገዛ እጁ ያስቀበረው ዳርሲ ግን ይህን ተጠራጠረ።

ስለዚህ ከ1849 ጀምሮ 22 ቧንቧዎች እያስዘረጋ መረመረ። ስፋታቸው ከ12 ሚሊ ሜትር ገደማ አንሥቶ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የፎንት ብረት፣ እርሳስ፣ ቅጥራን የተቀባ ቆርቆሮ፣ ብርጭቆም ነበረባቸው። የሙከራው ዘዴ እያንዳንዱ ባለሙያ ሊረዳው የሚችል ነው። በቧንቧው ላይ በተለያየ ርቀት ቀዳዳ አበጅቶ ግፊቱን በማኖሜትር ያነባል፤ ከቧንቧው የሚወጣውን ውሃ መጠኑ በታወቀ ገንዳ ውስጥ ያስገባና ለመሙላት የወሰደውን ጊዜ በሰዓት ይቆጥራል። እንግዲህ በአንድ ወገን የግፊት ልዩነት፣ በሌላው ወገን እውነተኛው ፍሰት ተጽፎ ይቀመጣል። ዛሬ በፋብሪካ የሚዘጋጅ የማንኛውም ኮይል ወይም ቫልቭ የግፊት ሠንጠረዥ የሚገኘው ከዚሁ አካሄድ ነው።

ከሙከራው ሦስት ፍሬ ነገሮች ወጡ። አንደኛ፣ የቧንቧው ግድግዳ ሁኔታ የሚባክነውን ግፊት በእጅጉ እንደሚለውጥ ተረጋገጠ። ዳርሲ በውስጣቸው ደለልና ዝገት የጋገረባቸውን አሮጌ የፎንት ቧንቧዎች እንዳሉ ከፈተነ በኋላ፣ ያንኑ ቧንቧ አስጠርጎ ደግሞ ፈተነው፤ ልዩነቱም ግልጽ ሆኖ ታየ። ከዚህም ተነሥቶ በሥራ ላይ የቆየ የፎንት ቧንቧ ሲታሰብ የአዲሱ ቧንቧ ሰበቃ በሁለት እጥፍ እንዲቆጠር መከረ። ሁለተኛ፣ በተለመደው ፍጥነት የሚባክነው ግፊት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳየ፤ ይኸውም ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን የግፊቱ ልዩነት አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ውሃው በጣም ቀስ ብሎ ሲሄድ ይህ ሕግ እንደማይሠራ፣ በዚያ ጊዜ ግፊቱ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ እንደሚመጣጠን አስተዋለ። በሁለቱ ዓይነት ፍሰቶች መካከል ያለውን ድንበር በግልጽ ያሰመረው እንግሊዛዊው ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 ነው፤ ዳርሲ ግን ቀድሞ ምልክቱን አይቶ ነበር።

የፒቶ ቱቦ መታደስ

በዚሁ ምርመራ ውስጥ ዳርሲ ሌላ ችግር ገጠመው። በቧንቧው መካከልና በግድግዳው አጠገብ ያለው ፍጥነት አንድ አይደለም፤ በመካከል ይፈጥናል፣ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ይዘገያል። ይህን ነጥብ በነጥብ ለመለካት የሚያስችል መሣሪያ አስፈለገው። ሄንሪ ፒቶ በ1732 የፈለሰፈው ቱቦ አሳቡ ትክክል ነበር። አፉን ወደ ወራጁ ባዞረ ቱቦ ውስጥ ውሃው ከፍ ይላል፤ ከከፍታው ልዩነት ፍጥነቱ ይታወቃል። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። በሴኮንድ 1 ሜትር ለሚሄድ ውሃ 5.1 ሳንቲ ሜትር፣ በሴኮንድ 2 ሜትር ለሚሄድ 20.4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ ውሃው በቱቦው ውስጥ ስለሚዋልል ለማንበብ ያስቸግር ነበር።

ዳርሲ የቱቦውን አፍ እጅግ አጠበበው፤ ይህም መዋለሉን ቀነሰው። የሚንቀሳቀሰውን ውሃ ግፊትና የቆመውን ግፊት ጎን ለጎን የሚያነቡ ሁለት ቱቦዎች አዘጋጀ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚዘጋ ቧንቧ መዝጊያ ጨመረበት፤ አንባቢው ዘግቶ፣ መሣሪያውን ከውሃው አውጥቶ በዕረፍት ማንበብ ይችላል። ከላይ ደግሞ አየሩን በመምጠጥ ሁለቱን የውሃ ዓምዶች ወደ ዓይን ከፍታ የሚያወጣበትን ብልሃት አበጀ። ዛሬ በአየር ማስተላለፊያ ቦዮችም ሆነ በትልልቅ የውሃ ቧንቧዎች ውስጥ የሚገባው የፒቶ ቱቦ መልኩን ያገኘው በእርሱ እጅ ነው።

ሕመሙ፣ አሸዋውና መጨረሻው

የፓሪስ ሥራ ጤናውን ጎዳው። በ1855 ከአስተዳደር ሥራ ተሰናብቶ ለምርምር ብቻ እንዲተው ጠየቀና ተፈቀደለት፤ ወደ ዲዦንም ተመለሰ። ዕድሜው ገና 52 ዓመት ነበር፤ ነገር ግን ቀሪው ጊዜ አጭር መሆኑን የተረዳ ይመስል ያለ ዕረፍት ሠራ።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር መጀመሪያ፣ በዲዦን ሆስፒታል ግቢ ውስጥ 35 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሊንደር በአሸዋ ሞልቶ፣ ከላይ ወደ ታች ውሃ እያሳለፈ የሚሰርገውን መጠንና የግፊቱን ልዩነት መዘገበ። ሻርል ሪተር የተባለው መሐንዲስ በሥራው አግዞታል። ውጤቱ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ከግፊቱ ልዩነት ጋር በቀጥታ፣ ከአሸዋው ውፍረት ጋር በግልባጭ እንደሚመጣጠን አሳየ። ዛሬ የዳርሲ ሕግ የሚባለው ይህ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ሁሉ መሠረቱ ይህ ሆኗል። ሕጉ የወጣው በ1856 በታተመው ስለ ዲዦን የሕዝብ ቦኖዎች በሚያወሳው መጽሐፉ ሲሆን፣ የሚገኘውም ከ600 ገጽ በላይ ባለው በዚያ ሥራ መጨረሻ ላይ በአባሪ መልክ ነው። የቧንቧው ሙከራ ውጤት በ1857 ለብቻው ታተመ። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በአባልነት መረጠው።

በቡርጎኝ ቦይ ላይ ስለ ክፍት የውሃ መውረጃዎች የጀመረውን ምርምር ግን ሳይፈጽመው ቀረ። ለጉዞ ወደ ፓሪስ ሄዶ ሳለ በሳንባ ምች ታመመ፤ ጃንዋሪ 3 ቀን 1858 በ54 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ ዲዦን ተመልሶ በክብር ተቀበረ። ከማጠራቀሚያው አጠገብ ያለው አደባባይ ወዲያው በስሙ ተጠራ፤ እስከ ዛሬም የዳርሲ አደባባይ ይባላል። የጀመረውን ምርምር ረዳቱ አንሪ ባዜን ፈጽሞ በ1865 አሳተመው።

ቀመሩ እንዴት ተሟላ

በቧንቧ ውስጥ የሚባክነውን ግፊት ለማስላት ዛሬ የምንጠቀምበት ቀመር ሁለት ስም ይዟል። ጀርመናዊው ዩሊየስ ቫይስባኽ በ1845 የቀመሩን መልክ ሰጠ፤ ይኸውም የቧንቧው ርዝመት ለስፋቱ ተካፍሎ፣ በፍጥነቱ ኃይልና በአንድ የሰበቃ ቍጥር የሚባዛበት ነው። የዳርሲ ድርሻ ደግሞ ያ የሰበቃ ቍጥር ከግድግዳው ሻካራነትና ከቧንቧው ስፋት ጋር የሚለዋወጥ መሆኑን በሙከራ ማረጋገጥ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች እስኪገናኙ ጊዜ ወሰደ። ኮልብሩክ በ1939 ቍጥሩን በአንድ ቀመር አጠቃለለው፤ ሙዲ በ1944 መሐንዲሶች ሁሉ የሚያውቁትን ሰንጠረዥ ሣለው። ከሻዮ ቧንቧዎች እስከ ሙዲ ሰንጠረዥ ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ጉዞ ነው።

ለሕንፃ ማቀዝቀዣ ሥራ ያለው ትርጉም

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የፍሰት መለኪያ በሌለበት የማሽን ክፍል ውስጥ የውሃው መጠን በሦስት መንገድ ይገመታል፤ በሦስቱም ውስጥ የዳርሲ ትምህርት አለበት።

የመጀመሪያው መንገድ በፓምፑ በኩል ነው። በፓምፑ መሳቢያና መግፊያ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ይነበብና ወደ ሜትር ይለወጣል። ለምሳሌ 180 ኪሎ ፓስካል 18.3 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በአምራቹ የአቅም ኩርባ ላይ ፍሰቱ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ከማንበብ ይልቅ አንዱን መለኪያ በሁለቱም ቦታ እያፈራረቁ፣ በእኩል ከፍታ ይዞ ማንበብ ይሻላል፤ መለኪያው በሁለቱም ቦታ እኩል የሚሳሳት ከሆነ ስሕተቱ ሲቀናነስ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ የፓምፑ ኢምፔለር በፋብሪካ ወይም በኋላ ተከርክሞ ሊሆን ስለሚችል በሰሌዳው ብቻ መታመን አይገባም። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ከሆነ የመግፊያውን ቫልቭ ለአጭር ጊዜ ዘግቶ የሚገኘውን ግፊት ከኩርባዎቹ ጋር ማስተያየት የኢምፔለሩን እውነተኛ ስፋት ያስታውቃል። ውሃው በፓምፑ ውስጥ እንዳይግል ግን መዝጋቱ ከአንድ ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ፓምፑ ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ከሆነም ንባቡ ኩርባው በተሣለበት ፍጥነት መወሰድ አለበት። ኩርባው ጠፍጣፋ በሆነበት ቦታ ደግሞ ትንሽ የግፊት ስሕተት ትልቅ የፍሰት ስሕተት ያስከትላል፤ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ፍሰቱን በመሣሪያው የግፊት መውደቅ መገመት ነው። አምራቹ የቺለሩ ኢቫፖሬተር በሴኮንድ 20 ሊትር ሲያልፍበት 60 ኪሎ ፓስካል ይጥላል ብሎ ከሆነ፣ እኛም 45 ኪሎ ፓስካል ካነበብን፣ 45 ለ60 ሲካፈል 0.75 ይሆናል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 0.866 ነው፤ ስለዚህ ፍሰቱ በሴኮንድ 17.3 ሊትር ያህል ነው። ይህ የሻዮ ሁለተኛ ትምህርት ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት ግን የረሳ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። የአምራቹ ቍጥር ለንጹሕ መሣሪያ የተሰጠ ነው። ቱቦው በደለልና በዝገት የተሸፈነ እንደሆነ ያው የግፊት ልዩነት የሚያሳልፈው ውሃ ያነሰ ነው። ዳርሲ ለአሮጌ ቧንቧ እንዳለው ሰበቃው እጥፍ ሆኖ ቢገኝ፣ እውነተኛው ፍሰት ከገመትነው 71 በመቶ ብቻ ይሆናል። መሐንዲሱ 100 ሊትር አለ ሲል በቧንቧው ውስጥ ያለው 71 ሊትር ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ የሙቀት ሚዛን ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 4.19 ኪሎ ጁል መውሰድ ያስፈልጋል። የማቀዝቀዣው ጭነት 350 ኪሎ ዋት፣ በሚገባውና በሚወጣው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት 5.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ከሆነ፣ ፍሰቱ በሴኮንድ 15.2 ሊትር ይሆናል። የዚህ መንገድ ድካም የሙቀት ልዩነቱ ትንሽነት ነው። ሁለቱ ቴርሞሜትሮች እያንዳንዳቸው በግማሽ ዲግሪ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሳሳቱ፣ የልዩነቱ ስሕተት አንድ ዲግሪ፣ ማለትም 18 በመቶ ይሆናል። ዳርሲ በፒቶ ቱቦ የታገለው ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ችግር ነበር፤ ትንሽ ልዩነት በሚዋልል ንባብ ውስጥ መፈለግ። መፍትሔውም ያው ነው። ሁለቱን ቴርሞሜትሮች በአንድ ውሃ ውስጥ አስገብቶ ማስተያየት፣ ሥርዓቱ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ደጋግሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም። ሦስቱ ሲቀራረቡ ግምቱ ይታመናል። ሲለያዩ ደግሞ ልዩነቱ ራሱ ምስክር ነው። በኢቫፖሬተሩ የግፊት መውደቅ የተገኘው ፍሰት ብዙ፣ በፓምፑና በሙቀት ሚዛን የተገኘው ግን ጥቂት ከሆነ፣ ቱቦው ተደፍኗል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሙቀቱ ብቻ የሚቃወም ከሆነ ቴርሞሜትሮቹን ወይም የጭነቱን ግምት መመርመር ይቀድማል። ዛሬ ከቧንቧው ውጭ በማሰር የሚለኩ የአልትራሳውንድ መሣሪያዎች አሉ፤ ጥሩ ረዳቶች ናቸው። ነገር ግን በየአውደ ጥናቱ የሉም፤ ያሉበትም ቦታ ቢሆን ውስጡ የዛገና ደለል የጋገረበት ቧንቧ ላይ ሲታሰሩ ንባባቸው በሌላ መንገድ መረጋገጥ አለበት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ በግምቱ ላይ የሚወሰነው ነገር ቀላል ስላልሆነ ነው። የቀዶ ጥገና ክፍል ሞቀ ተብሎ፣ ፍሰቱ ሳይጣራ ትልቅ ፓምፕ ቢገዛ፣ ወጪው በከንቱ ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩም በየዓመቱ ይባክናል፤ የተደፈነው ቱቦ ግን እንደ ተደፈነ ይቀራል፤ በሽተኛውም በሙቀቱ ውስጥ ይተኛል። ፍሰቱ ይበቃል ተብሎ በተሳሳተ ቍጥር ቢታለፍ ደግሞ ውሃው በኢቫፖሬተሩ ውስጥ እስከ መርጋት ደርሶ ቱቦውን ሊሰነጥቀው ይችላል። በአገራችን መለዋወጫውም ሆነ የውጭ ምንዛሪው በቀላሉ የማይገኝ እንደ መሆኑ መጠን፣ በእጅ ያለውን መለኪያ በሚገባ መጠቀም ቍጠባ ብቻ ሳይሆን የሙያ ግዴታ ነው።

ሄንሪ ዳርሲ በሕይወቱ ዘመን የሕንፃ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር አላየም። በቺለር ውስጥ የሚዞረውንም ውሃ አላሰበም። ለእኛ ያቆየልን ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀመሩ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ቀመሩን ያገኘበት ጠባይ ነው። በመጽሐፍ የተጻፈውን ከማመኑ በፊት በገንዳና በሰዓት ይፈትነው ነበር፤ አዲሱን ቧንቧ ከአሮጌው ሳያደባልቅ ለየብቻ ይጽፈው ነበር፤ ስንት አገኘሁ ከማለቱ ጋር በምን ሁኔታ አገኘሁ የሚለውን አይረሳም ነበር። በማሽን ክፍል ውስጥ የሚሠራ የሙያ ባልደረባም የፍሰት ግምቱን ለአሠሪው ሲያቀርብ፣ ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን በየትኛው መንገድ እንዳገኘውና ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አብሮ ቢጽፍ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ ሥራውን ከመሠረቱ ለመጀመር አይገደድም።